የተጐዳውን የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ በቤት ውስጥ ስለ ማደስ

በዛሬው ዘመን በየቤታችን ያለው መሳቢያ ቢከፈት፥ ከአሮጌ ቍልፍና ኀይሉ ካለቀ ባትሪ ጋራ ተጠምጥሞ የተኛ አንድ የጆሮ ማዳመጫ ሳይገኝ አይቀርም። ስለምን እንደ ተጣለ ባለቤቱ ቢጠየቅ «በአንድ ጆሮው አይሰማም» ወይም «ሲፈልግ ይናገራል፥ ሲፈልግ ዝም ይላል» ብሎ ይመልሳል። ዕቃው ግን ከላይ ሲያዩት ጕድለት የለበትም፤ የጆሮው ትራስ አልተቀደደም፥ በራስ ላይ የሚያርፈውም ቅስት አልተሰበረም። የተጐዳው፥ አብዛኛውን ጊዜ፥ የጣት ጫፍ የምታክል አንዲት ስፍራ ብቻ ናት፤ ይኸውም ገመዱ ወደ መሰኪያው የሚገባበት አንገት ነው። ይህችን ስፍራ ለይቶ ያወቀ ሰው ደኅናውን ዕቃ ከመጣል ይድናል፤ ስለዚህ ክቡራን አንባብያን በቤታቸው ሊሠሩት ወይም ሲሠራ ቆመው ሊያሠሩት የሚቻላቸውን ነገር በዚህ ገጽ ልንገልጽ ወደድን።

ስብራቱ ለምን በዚያ ስፍራ እንደሚሆን ለማወቅ አስቸጋሪ አይደለም። በገመዱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሽቦ እንደ ራስ ጠጕር ከቀጠኑ ብዙ የመዳብ ክሮች የተገመደ ነው። መሰኪያው ደረቅ ነው፤ ገመዱ ለስላሳ ነው፤ ደረቁና ለስላሳው በሚገናኙበት ቦታ እጥፋቱ ሁሉ ይከማቻል። በቅሎ ያሳደረ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ የልጓሙ ጠፍር መካከሉ ደኅና ሳለ ከቀለበቱ ሥር ይበጠሳልና። ስልኩን በኪስ ከተው ሲቀመጡ ገመዱ ይታጠፋል፤ ሲነቅሉትም መሰኪያውን በመያዝ ፈንታ ገመዱን ይዘው ይጐትቱታል። እንዲህ ሆኖ አንድ ክር ዛሬ፥ አንድ ክር ነገ ይበጠስና የመጨረሻው ክር በተበጠሰ ቀን ድምፁ ይጠፋል። የውጭው ልባስ ግን ስለማይቀደድ ጕዳቱ ለዓይን አይታይም።

መሰኪያው ራሱ ረጅም ዘመን የኖረ ዕቃ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በስልክ ማዞሪያ ቤት የነበሩ ሠራተኞች የአንዱን ደንበኛ መስመር ከሌላው ጋራ ያገናኙ የነበረው ጫፉ እንደዚህ በሆነ ገመድ ነው። የዚያ የጥንቱ መሰኪያ ውፍረት 6.35 ሚሊ ሜትር ሲሆን ዛሬም በሙዚቃ መሣሪያዎች ላይ ይታያል። ትንሹና 3.5 ሚሊ ሜትር የሆነው በእጅ ከሚያዙ ትንንሽ ራዲዮኖች ጋራ ተስፋፋ፤ ይልቁንም ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1979 ዓ.ም. ዎክማን የተባለውን የካሴት ማጫወቻ ካወጣ ወዲህ በዓለም ሁሉ ታወቀ። ያ የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት ሰዎች ጐን ለጐን ሆነው እንዲሰሙበት ሁለት የመሰኪያ ቀዳዳ ነበረው፤ ይህ መልካም ሐሳብ ብዙ ዘመን ሳይሠራበት መቅረቱ ያሳዝነናል። የጆሮ ማዳመጫውንም ነገር ስናነሣ፥ ናትናኤል ባልድዊን የተባለ አሜሪካዊ በዩታ ግዛት በማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በእጁ እየሠራ በ1910 ዓ.ም. ለአሜሪካ ባሕር ኀይል ማቅረቡ የታወቀ ነው። በማድ ቤት የተጀመረ ዕቃ በሳሎን ቢጠገን እንግዳ ነገር አይሆንም። በ2016 ዓ.ም. አፕል የተባለው ኩባንያ አይፎን 7 የተባለውን ስልክ ያለዚህ ቀዳዳ ካወጣ ወዲህ ሌሎች ብዙ የስልክ ሠሪዎች ተከትለውታል፤ ቢሆንም በኮምፒውተር፥ በራዲዮን፥ በድምፅ መቅጃና በብዙ ስልኮች ላይ ቀዳዳው እስካሁን አለ።

መሰኪያውን በብርሃን አቅርበው ቢመለከቱት በጥቍር ቀለበቶች የተከፋፈለ መሆኑን ያያሉ። ጥቍሮቹ ኤሌክትሪክ የማያሳልፉ ናቸው። ሁለት ጥቍር ቀለበት ያለው መሰኪያ ሦስት ክፍል አለው፤ ጫፉ የግራው ጆሮ ነው፥ መካከለኛው የቀኙ ጆሮ ነው፥ ወደ ገመዱ የቀረበው ረጅሙ ክፍል ደግሞ ከሁለቱም ጆሮ የሚመለሰው ኤሌክትሪክ በጋራ የሚሄድበት መንገድ ነው። ሦስት ጥቍር ቀለበት ያለው ግን አራት ክፍል አለው፤ አራተኛው ለማይክሮፎን ነው።

እንግዲህ ግራው ብቻ ዝም ቢል ወደ ጫፉ የሚሄደው ሽቦ፥ ቀኙ ብቻ ዝም ቢል ወደ መካከለኛው የሚሄደው ሽቦ መበጠሱን መጠርጠር ይገባል። ሦስተኛው ምልክት ግን ከሁለቱ የረቀቀና ሰውን የሚያሳስት ስለ ሆነ በምናውቀው በአንድ ቤት የሆነውን እናወሳለን።

በዚያ ቤት ያሉ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው፥ ቤተ ሰቡን እንዳይቀሰቅሱ በጆሮ ማዳመጫ መዝሙርና ስብከት ይሰሙ ነበር። አንድ ቀን «ማሲንቆው ይሰማኛል፤ ዘማሪው ግን ከጕድጓድ ውስጥ እንደሚጮኽ ሆነብኝ» አሉ። ልጆቻቸውም ነገሩን በእርጅና አሳብበው አዘኑ። ታላቁ ልጃቸው «እማዬ፥ ነገ ሐኪም ዘንድ ልውሰድዎ» ቢላቸው «ጆሮም እንደ ጥርስ ነው ልጄ፥ ጊዜው ሲደርስ ይሄዳል፤ ተዉኝ» ብለው ማዳመጫውን ከራስጌያቸው አንሥተው ለሠራተኛዪቱ ሰጡ። ከዚያም በኋላ ሌሊቱን ጨለማ እያዩ ያሳልፉት ጀመር፤ ስለ ጆሮአቸውም ዳግመኛ አላነሡም። ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ የልጅ ልጃቸው የትምህርት ቤት ትምህርቱን ሊሰማበት ማዳመጫውን ቢያነሣ መምህሩ ጠፋበት፤ በስተኋላ ያለው ሙዚቃ ግን ቀርቶለት ነበር። ወዲያው ወደ ሴት አያቱ ሮጦ «እማማ፥ ለእርስዎ ብቻ አይደለም የጠፋው፥ ለእኔም ጠፋ፤ የታመመው ገመዱ ነው!» አላቸው።

ልጁ እውነቱን ነው። የጋራው የመመለሻ ሽቦ ሲበጠስ በአንዱ ጆሮ የገባው ኤሌክትሪክ በራሱ መንገድ መመለስ ስለማይችል በሌላው ጆሮ በኩል ለመውጣት ይሞክራል። በዚህም ጊዜ በግራና በቀኝ እኩል ሆኖ የተቀዳው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ በግራና በቀኝ ልዩነት ያለው ድምፅ ብቻ ይቀራል። የሰው ድምፅ ደግሞ በዘፈንም ሆነ በመዝሙር አብዛኛውን ጊዜ ከመካከል እንዲሰማ ተደርጎ በሁለቱም ወገን እኩል ስለሚቀዳ፥ መጀመሪያ የሚጠፋው እርሱ ነው። አጃቢዎቹ መሣሪያዎች ግን አንዱ ወደ ግራ፥ አንዱ ወደ ቀኝ ዘንበል ብለው ስለሚቀዱ ይተርፋሉ። ስለዚህ በቤታችሁ ያለ ሽማግሌ ወይም አሮጊት «ቃሉ ጠፋብኝ፥ ዜማው ግን አለ» ቢል፥ ስለ ጆሮው ከመናገር በፊት ያንኑ ማዳመጫ በራሳችሁ ጆሮ አድርጋችሁ መስማት ነው።

በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማውን ማዳመጫ ችሎ መያዝም ጕዳት አለው። አንዱ ጆሮ ዝም ሲል ሰው የጐደለበትን ለመሙላት ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ የሚጐዳውም በደኅናው በኩል ያለው ጆሮ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት እስከ 80 ዴሲቤል፥ ለሕፃናት ደግሞ ለዚያው ሰዓት እስከ 75 ዴሲቤል ቢሰሙ ጕዳት አያመጣም ይላል። ድምፁ ከዚህ በጥቂቱ ከፍ ባለ ቍጥር የሚፈቀደው ሰዓት እጅግ ያጥራል። በጆሮ ውስጥ ያሉት ድምፅ የሚቀበሉ ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ አይበቅሉም፤ የገመዱ ግን ይቀጠላል።

በብዙ ቤት የሚደረገው ጥገና ገመዱን ወዲያና ወዲህ አጣምሞ፥ ድምፅ በተገኘበት በኩል ናስትሮ መጠምጠም ነው። ይህን እንደ ጥገና አንቈጥረውም። ናስትሮው የተበጠሱትን ክሮች ጫፍ ለጫፍ ያነካካል እንጂ አይቀጥላቸውም፤ እጥፋቱንም ከናስትሮው ዳር ወዳለው ወደ ደኅናው ገመድ ያዛውረዋል። በሁለተኛው ወር ስብራቱ ሁለት ይሆናል።

ከመቍረጥ በፊት በሽታው የት እንዳለ መመርመር ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሌላ ደኅና ማዳመጫ በዚያው ስልክ ላይ ሰክተው ይስሙ፤ እርሱም ካልሰማ ጥፋቱ የስልኩ ቀዳዳ ነው። በኪስ የኖረ ስልክ በቀዳዳው ውስጥ የልብስ ብናኝ ይከማችበታልና ስልኩን አጥፍቶ በቀጭን የእንጨት ስንጥር በዝግታ ማውጣት ይበቃል፤ መርፌ አይገባም። ሌላው ማዳመጫ የሚሰማ ከሆነ ግን የተጠረጠረውን ሰክተው አንድ ነገር እያጫወቱ ገመዱን ከመሰኪያው ሥር በቀስታ ያወዛውዙ። ድምፁ ሄደት መጣ ቢል በሽታው እዚያ ነው። ካልተለወጠ ገመዱ ለሁለት የሚከፈልበትንና ወደ ጆሮው የሚገባበትን ስፍራ እንዲሁ ይሞክሩ። ቴስተር የሚባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ያለው ሰው አንዱን መንኪያ በጫፉ፥ ሁለተኛውን በረጅሙ ክፍል ላይ ቢያኖር፥ ደኅና በሆነ ማዳመጫ ብዙ ጊዜ 16 ወይም 32 ኦም የሚያህል ቍጥር ያገኛል፤ በትልልቆቹ ማዳመጫዎች ደግሞ ብዙ መቶ ኦም ሊደርስ ይችላል። መንኪያው ሲያርፍም በጆሮው ውስጥ ቀጭ የምትል ድምፅ ትሰማለች። ቍጥር የማይሰጥ ከሆነ መንገዱ ተቈርጧል።

ለሥራው የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። በመብራት የሚግል ቀጭን የብየዳ ብረት፥ በመካከሉ የጥድ ሙጫ ያለበት ቀጭን የብየዳ ቆርቆሮ፥ ስለታም ምላጭ፥ ትንሽ ፒንሳ፥ ቴስተር፥ እንዲሁም ሽፋኑ ተፈትሎ የሚከፈት የብረት መሰኪያ ያሻል። የቆየው ዐይነት የብየዳ ቆርቆሮ ከመቶው 63 እጅ ቆርቆሮ፥ 37 እጅ እርሳስ ሲሆን በ183 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀልጣል፤ ብረቱን እስከ 350 ዲግሪ ማጋል ይበቃል። እርሳስ መርዝ ስለ ሆነ ሥራው ምግብ በሚቀርብበት ገበታ ላይ አይደረግም፤ መስኮት ይከፈት፥ ጢሱን ወደ ውስጥ አይሳቡት፥ ሕፃናት ከአጠገቡ ይራቁ፥ ሲጨርሱም እጅ በሳሙና ይታጠብ። እርሳስ የሌለበት ብየዳም ይገኛል፤ ለመቅለጥ ግን ጠንከር ያለ ሙቀት ይፈልጋል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ገመዱን ከመሰኪያው አንገት በላይ አራት ወይም አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይቍረጡት፤ በስብራቱ አጠገብ ያለው መዳብም ደክሟልና አይሳሱለት። ቀጥሎ፥ ከሁሉ በፊት፥ የአዲሱን መሰኪያ ሽፋን በገመዱ ላይ ያጥልቁት። ይህን ማስታወስ የሚገባው አሁን ነው፤ ብየዳው ካለቀ በኋላ ሽፋኑ በጠረጴዛው ላይ መቅረቱን አይቶ ሥራውን እንደ ገና ያላፈረሰ ባለሙያ ጥቂት ነው። ከዚያም የውጭውን ልባስ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል በምላጭ ዙሪያውን ጠርተው ይግፈፉት፤ ምላጩ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ክሮቹን ይቈርጣል።

በውስጡ የሚታዩት ሽቦዎች ብዙ ጊዜ ቀዩ የቀኝ፥ አረንጓዴው ወይም ሰማያዊው የግራ፥ የመዳብ መልክ ያለው ደግሞ የመመለሻው ነው። የመመለሻው ሁለት ሆኖ ቢገኝ ሁለቱ በአንድነት ይገመዳሉ። ይሁን እንጂ ሁሉም ሠሪ በዚህ ቀለም አይስማማም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የየትኛው ጆሮ እንደ ሆነ በቴስተር ሳይረጋገጥ መበየድ አይገባም።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቈርጠው እዚህ ላይ ነው። ሽቦውን ቢነካው ቴስተሩ አይመልስም፥ ቆርቆሮውም አይዝበትም። ምክንያቱ በክሮቹ ላይ ያለው ቀለም ጌጥ አለመሆኑ ነው፤ ክሮቹ እርስ በርሳቸው እንዳይነካኩ የተቀባ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ልባስ ነው። በመካከላቸውም ገመዱን ለማጠንከር የገባ እንደ ሐር ያለ ቀጭን ፈትል አለ፤ እርሱ በመቀስ ተቈርጦ ይውጣ። ቀለሙን አንዳንዶች በክብሪት እሳት ያቃጥሉታል፤ እኛ ግን ይህን አንመክርም፤ ክሩ እጅግ ቀጭን ስለ ሆነ አብሮ ይነድዳል፥ የቀረውም ይጠቍርና ብየዳ አይቀበልም። የሚሻለው በጋለው ብረት ጫፍ ላይ ጠብታ ቆርቆሮ አቅልጦ የሽቦውን ጫፍ በጠብታው ውስጥ ጥቂት ሴኮንድ ማቈየት ነው። ቀለሙ እየጤሰ ይለቃል፤ ሽቦውም ብር መስሎ ሲወጣ ቆርቆሮ ለብሷል ማለት ነው። በዚህን ጊዜ ቴስተሩ እንደ ገና ይሞከር።

በአዲሱ መሰኪያ ውስጥ ሦስት ትንንሽ ምላሶች አሉ። ረጅሙና ጥርስ ያለው የመመለሻው ነው፤ ሁለቱ አጫጭሮች የትኛው የጫፉ፥ የትኛው የመካከለኛው እንደ ሆነ በቴስተር ይለዩ። ምላሶቹንም አስቀድመው ቆርቆሮ ያልብሷቸው፤ ሁለት ቆርቆሮ የለበሱ ነገሮች በአንድ ንክኪ ይያያዛሉና። ብረቱ በአንድ ምላስ ላይ ከሦስት ሴኮንድ በላይ አይቈይ፤ በክፍሎቹ መካከል ያለው ጥቍር ፕላስቲክ ከለሰለሰ ክፍሎቹ ይንጋደዱና መሰኪያው ይበላሻል። መሰኪያውን በፒንሳ ይዞ መበየድ ሙቀቱን ስለሚቀንስ መልካም ነው። ሦስቱ ሲያዙ የረጅሙ ምላስ ጥርሶች በገመዱ የውጭ ልባስ ላይ ይጫኑ፤ በባዶዎቹ ሽቦዎች ላይ አይደለም። እነዚህ ጥርሶች የተሠሩት ገመዱ ሲጐተት ኀይሉ በልባሱ ላይ እንዲያርፍ ነው፤ እነርሱን ችላ ያለ ሰው ያንኑ ስብራት ደግሞ ያመጣል። በሙቀት የሚኮማተር ጠባብ የፕላስቲክ ቱቦ ከተገኘ፥ ከሽፋኑ ጋራ አስቀድሞ በገመዱ ላይ አጥልቆ በኋላ በአንገቱ ላይ ማሞቅ እጥፋቱን ያለዝበዋል።

ሽፋኑ ሳይገጠም ሦስቱ ክፍሎች እንዳይነካኩ ይመርመር። ግራው ከቀኙ ጋራ ቢነካካ ሁለቱም ጆሮ አንድ ዐይነት ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ከመመለሻው ጋራ ቢነካካ ያ ጆሮ ዝም ይላል። ቀኝና ግራ ተለዋውጦ ቢገኝ ሁለቱን ሽቦዎች ማቀያየር ነው።

ባለ አራት ክፍሉ መሰኪያ ጥቂት ይከብዳል። በዛሬዎቹ ስልኮች የሚበዛው አሠራር ከጫፉ ጀምሮ ግራ፥ ቀኝ፥ መመለሻ፥ ማይክሮፎን ነው፤ በአንዳንድ የቆዩ ስልኮች ግን የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ተለዋውጠው ይገኛሉ። ደኅና ማዳመጫ በአንድ ስልክ ሰምቶ በሌላው እንደዚያች እናት ዘማሪው ቢጠፋበት ይህንንም ማሰብ ነው። ገመዱ ከጆሮው ላይ የሚነቀል ማዳመጫ ያለው ሰው ይህ ሁሉ ድካም አያሻውም፤ አዲስ ገመድ ገዝቶ ይሰካል። ዩ ኤስ ቢ የሚባለው ጠፍጣፋ መሰኪያ ያለው ደግሞ በመሰኪያው ውስጥ ድምፁን የምትለውጥ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ስላለችበት በዚህ መንገድ አይጠገንም።

ብረት መያዝ የማይወድ ሰው ሥራውን በከተማችን በየመንገዱ ዳር ትንሽ ጠረጴዛና ማጕያ መነጽር ይዘው ለሚቀመጡት የስልክ ጠጋኞች ቢሰጥ ነውር የለበትም፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ይህን በሩብ ሰዓት ይጨርሱታል። ነገር ግን ሁለት ነገር አስቀድሞ ይጠየቅ፤ የሚገባው መሰኪያ የሚፈታ የብረት መሆኑና ገመዱ በጥርሱ መያዙ። ገንዘቡም ከመከፈሉ በፊት ባለቤቱ እዚያው ቆሞ ሰው የሚናገርበትን አንድ ነገር ያሰማ፤ ቃሉ ከራሱ መካከል፥ ጥርት ብሎ መስማቱን ካረጋገጠ በኋላ ገመዱን በአራት ጣቱ ላይ ላላ አድርጎ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይሂድ።